ማውጫውን ገና አይንኩት፦ በጀልባ ሞተር ማኒፎልድ ላይ የተሰበረ ብሎን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በባሕር ውሃ ላይ የሚሠራ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለው ጀልባ አላቸው። የጭስ ማኒፎልዱን (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ፣ ለመቀየር ብሎኖቹን ሲፈቱ ከኋላ በኩል ያለው የመጨረሻው ብሎን ተሰበረ፤ አንድ ሌላ ደግሞ ጨርሶ አልንቀሳቀስ ብሏል። ማኒፎልዱ ገና አልወረደም። «ጠመዝማዛ የብሎን ማውጫ ገዝቻለሁ፤ መሃሉን በስቼ ልጠቀምበት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ይላሉ።

ማውጫውን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። በመጨረሻ ያስፈልግ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አያስፈልግም። ያለ ቦታው ሲገባ ደግሞ ቀላሉን ሥራ ወደ ከባድ ይለውጠዋል።

ምክንያቱን ላስረዳ። በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው የማኒፎልድ ብሎን 3/8 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ይህ ሙሉ ብረት በቁልፍ ሲዞር ጥርሱ ከሚላቀቅለት ይልቅ ራሱ ተበጠሰ። ማውጫው በብሎኑ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ የሚገባ ስለሆነ ውፍረቱ ከብሎኑ ግማሽ እምብዛም አይበልጥም። የአንድ ዘንግ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ አቅሙ አንድ ስምንተኛ ይሆናል። እርግጥ ማውጫው የተሠራበት ብረት ከብሎኑ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ግን ጥንካሬው የመስታወት ዓይነት ነው፤ ሳይታጠፍ፣ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። በዚያ ላይ ሾጣጣ በመሆኑ ወደ ውስጥ በጠለቀ ቁጥር የብሎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ እየገፋ ከጥርሱ ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል። ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ (የድሪል መብሻ) አይበሳውም። በካርባይድ መፍጫ ቀስ በቀስ መፈጨት ወይም ቴስታታውን (ብሎኑ የሚታሰርበትን የሲሊንደሮቹን ክዳን) አውርዶ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወደሚበሳ ማሽን መውሰድ ግድ ይሆናል።

ስለዚህ «እንዴት በኃይል ላዙረው?» የሚለውን ትተን «የያዘውን ነገር እንዴት ላላላው?» ብለን እንጀምር።

የያዘው ዝገት ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል፤ በብሎኑና በቴስታታው ጥርሶች መካከል ግን ትርፍ ቦታ የለም። ሞተሩ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ጨዋማ እርጥበት እየሰረገ ይገባል፤ ዝገቱም እያበጠ ጥርሱን ይነክሳል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰብረው ድንጋጤ፣ የሙቀት ለውጥና ጊዜ ነው። ረጅም ቧንቧ በቁልፍ ላይ አስገብቶ መጎተት የሚያስከትለውን እርስዎ አይተውታል።

የተበጠሰውን የብሎን ራስ ጥለውት ከሆነ ፈልገው ያምጡት፤ ሁለት ነገር ይነግረናል። መጀመሪያ የተሰበረበትን ፊት በደንብ ብርሃን ላይ ይመልከቱት። ከዳር እስከ ዳር አዲስ፣ ግራጫና የሚያብለጨልጭ ከሆነ የተበጠሰው አሁን በእጅዎ ነው። ከፊሉ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ዝገት ለብሶ ቀሪው ብቻ አዲስ ከሆነ ግን ብሎኑ አስቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። እንዲያ ከሆነ የጋስኬቱ ማፍሰስ ምንጭ ጋስኬቱ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ማኒፎልዱ ጠምሞ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሁለተኛው ልኬት ነው። በሰላም ከወጣው ተመሳሳይ ብሎን ጎን ያስቀምጡት። ለምሳሌ ሙሉው ብሎን ከራሱ በታች 50 ሚሊሜትር ቢረዝም፣ ቁራጩ 14 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የማኒፎልዱ ፍላንጅ (ብሎኑ የሚያልፍበት ጠርዝ) ደግሞ 30 ሚሊሜትር ቢወፍር፣ ስብራቱ ያለው ፍላንጁ ውስጥ ነው። ማኒፎልዱ ሲወርድ 16 ሚሊሜትር የሚያህል ጉቶ ከቴስታታው ወጥቶ ይቆማል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ማኒፎልዱ ባለበት መብሳት ዕድሉን በገዛ እጅ መጣል ይሆናል። በተጨማሪ፣ ራሱ ሲበጠስ ብሎኑን ወጥሮ የያዘው ኃይልም አብሮ ጠፍቷል። አንዳንድ ጊዜ ነክሶ የያዘው በፍላንጁ ቀዳዳ ውስጥ የነበረው ዝገት ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ማኒፎልዱ ሲነሳ ጉቶው በፒንሳ ይዞራል።

ከጉቶው በፊት ግን ያልተንቀሳቀሰው ሁለተኛው ብሎን አለ። እሱም እንዳይሰበር ከዛሬ ጀምሮ ሰርጎ ገብ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያጠጡት፤ ቢቻል ጠዋትና ማታ ለጥቂት ቀናት። አሴቶንና የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት እኩል ለእኩል የሚቀላቅሉ መካኒኮች አሉ፤ ይሠራል፤ ግን አሴቶን ሲበዛ ተቀጣጣይ ስለሆነ በተዘጋ የሞተር ክፍል ውስጥ አልወደውም። ዘይት ካጠጡ በኋላ የብሎኑን ራስ በወፍራም ብረት መሃል ለመሃል ቀጥ አድርገው በመዶሻ ይምቱት። ጠንከር ያለ፣ አጭር ምት ይሁን። ምቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ ዘይቱም ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። ከዚያ ለመፍታት ከመሞከርዎ በፊት ትንሽ ለማጥበቅ ይሞክሩ። ጸጉር ታህል ከተንቀሳቀሰ አሸንፈዋል፤ ወዲያ ወዲህ እያደረጉ፣ ዘይት እየጨመሩ ያስፉታል። በዝቅተኛ ኃይል ላይ የተደረገ በምት የሚሠራ መፍቻ ማሽን በእጅ ያለማቋረጥ ከመጫን ይሻላል። ቁልፉ ጸጥ ብሎ እንደ ላስቲክ መለመጥ ሲጀምር ግን ያቁሙ፤ የሚዞረው ጥርሱ አይደለም፤ ብሎኑ ራሱ እየተጠማዘዘ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እሳት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በጀልባው ወለል ስር ተኝቶ ይቆያል፤ አፍንጫም ሁልጊዜ አይደርስበትም። የመኪና ሞተር ላይ ያለ ሐሳብ የሚለኮስ ችቦ ጀልባ ውስጥ ሰው ይገድላል። ሙቀት ለመጠቀም ካሰቡ የነዳጅ ቧንቧው ከሞተሩ ይለይ፣ የታንኩ ቫልቭ ይዘጋ፣ ወለሉ ይታጠብና ይድረቅ፣ ክዳኖቹ ሁሉ ይከፈቱ፣ ማናፈሻው ረዘም ላለ ጊዜ ይሥራ፣ በትነት መለኪያም ይፈተሽ። እሳት ማጥፊያ የያዘ ሁለተኛ ሰው አጠገብዎ ይቁም። ነበልባል የሌለው የኢንዳክሽን ማሞቂያም ቢሆን ብሎኑን አቅልቶ እንደሚያግል አይርሱ። የቤንዚን ትነት በራሱ ለመቀጣጠል 300 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳን አይፈልግም፤ የቀላ ብረት ደግሞ ከ500 በላይ ነው። ይህን ሁሉ ማሟላት ካልቻሉ ሙቀቱን ይርሱትና በዘይት፣ በመዶሻና በመብሳት ይሥሩ። ሌላም አንድ ነገር፦ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተረጨበትን ብረት ማሞቅ ወይም መበየድ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ማጽጃው ክሎሪን የሌለው መሆኑን ቆርቆሮው ላይ ያንብቡ።

ሁለተኛው ብሎን ከወጣ በኋላ ማኒፎልዱን ያውርዱት። ውሃውን አስቀድመው ያፍስሱ፤ ከነላይኛው ክርኑ (ከላዩ የሚገጠመው የታጠፈ የጭስ ቧንቧ) ለአንድ ሰው የሚከብድ ጊዛ፣ ማለትም በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ብረት፣ ነውና በገመድ ወይም በሰው ይደገፍ። ጉቶው ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይፍቀዱ፤ ያጣምመዋል። በጋስኬቱ መስመር መሮ አስገብቶ መፈልቀቅም ፊቱን ይጭረዋል፤ ከጎን በጎማ መዶሻ መምታት ይበቃል። የጭስ ቀዳዳዎቹን ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ስንት ጨርቅ እንደከተቱም ይጻፉ። ከሲሊንደሮቹ በአንዱ ቫልቩ ክፍት መሆኑ አይቀርም፤ የብረት ፍርፋሪ መግቢያ አያጣም።

አሁን ጉቶው ፊት ለፊትዎ ነው። ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከወጣ መጀመሪያ ዘይትና መዶሻ፣ ቀጥሎ ተቆልፎ የሚነክስ ፒንሳ። ሁለት ጎኑን በሞረድ ጠፍጣፋ ቢያደርጉለት አያንሸራትትም። እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት።

እምቢ ካለ፣ የእሳቱ ጥንቃቄም የተሟላ ከሆነ፣ ከሁሉ የምመርጠው ዳዶ መበየድ ነው። ከጉቶው በጥቂቱ ሰፋ ያለ ዳዶ ያጠልቁበትና ከመሃል፣ ከጉቶው አናት ጀምረው የዳዶውን ውስጥ በብየዳ ይሙሉት። ብየዳው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አዲስ ራስ ይሰጣል፤ ከዚያም በላይ ብሎኑን ከውስጥ ያግለዋል። የጋለው ብሎን ሊሰፋ ሲል ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ጊዛ ይጨምቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ ከነበረው በጥቂቱ ጠቦ ይቀራል፤ ዝገቱም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀይ ሳለ አያዙሩት፤ ለስልሶ እንደገና ይበጠሳል። ቅላቱ ጠፍቶ፣ ግን ገና ትኩስ ሳለ የሻማ ሰም ጥርሱ ሥር ያስነኩት። ሰሙ ቀልጦ ተስቦ ሲገባ በዓይን ይታያል። ከዚያ በቀስታ ወዲያ ወዲህ። የመጀመሪያው ዳዶ ተነቅሎ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ሌላ ይበይዱ፤ እያንዳንዱ ሙቀት የየራሱን ሥራ ይሠራል። ውሃ ግን አይርጩበት፤ የጋለ ጊዛ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ከብየዳው በፊት የባትሪውን ገመዶችና የአልተርኔተሩን ሽቦ ይንቀሉ፤ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ካለም እንዲሁ። የብየዳውን መሬት ገመድ እዚያው ቴስታታው ላይ ያሲዙት፤ ጀልባው ሌላ ጫፍ ላይ ካሰሩት ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ኩሽኔታዎች በኩል መንገድ ይፈልጋል።

ጉቶው ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብሳት ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ እንበል። ብሎኑ ከጊዛው ይልቅ ይጠነክራል፤ የተሰበረው ፊት ደግሞ ወጣ ገባ ነው። ፑንታ ሲነካው ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ይንሸራተታል፤ ቀዳዳው ወደ ጎን ይሄዳል፤ የቴስታታው ጥርስም ይበላል። በእጅ ድሪል፣ በመስታወት እያዩ፣ ከሞተሩ ጀርባ መሃሉን አገኛለሁ ማለት በራስ መተማመን ይባላል እንጂ ዘዴ አይባልም።

ዘዴው ማኒፎልዱን ራሱን መምሪያ ማድረግ ነው። የፊቱን ዝገት ጠርገው ማኒፎልዱን ያለ ጋስኬት በቦታው ይመልሱና በቀሩት ብሎኖች ያሰሩት። አሁን የፍላንጁ ቀዳዳ ልክ ከተሰበረው ብሎን ፊት ለፊት ነው። ቶርኖ ያለው ባለሙያ ውጪው ለፍላንጁ ቀዳዳ ልክ የሚሆን፣ መሃሉ 5 ሚሊሜትር የተበሳ ትንሽ የብረት ቱቦ ቀርጾ ይስጥዎት። ያንን ቱቦ አስገብተው በውስጡ ሲበሱ ፑንታው ወዴትም መሄድ አይችልም። የፍላንጁ ቀዳዳ ከብሎኑ በጥቂቱ ስለሚሰፋ ማኒፎልዱን ከማጥበቅዎ በፊት ሌሎቹን ብሎኖች በየቀዳዳቸው መሃል ያስተካክሉ። የማኒፎልዱ ክብደት የሚያስቸግር ከሆነ ሁለት የብሎን ቀዳዳ የያዘ ወፍራም ላሜራ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ፑንታው ወደ ግራ የሚቆርጥ ቢሆን ምርጫዬ ነው፤ ኮባልት ያለበት ከሆነ ደግሞ እሰየው። ድሪሉ ወደ መፍቻ አቅጣጫ ስለሚዞር መሃሉ ተበስቶ ብሎኑ ሲላላ ፑንታው ራሱ ነክሶ ይዞት የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብሎኑ ተራ ብረት ከሆነ ለ5 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 1000 ዙር አካባቢ ይበቃል፤ ማግኔት እምብዛም የማይዘው የማይዝግ ብረት ከሆነ ግማሹን ያድርጉት። የማይዝግ ብረት ላይ ፑንታው ሳይቆርጥ እንዲፈትግ አይፍቀዱ፤ ከተፈተገ እዚያው ይጠነክራል። ስለዚህ ዝግ ያለ ዙር፣ ጠንካራ ግፊት፣ የመቁረጫ ዘይት። ጥልቀቱን በፑንታው ላይ ቴፕ ጠቅልለው ይለዩ። በአንዳንድ ሞተሮች የብሎን ቀዳዳው ጫፍ ወደ ማቀዝቀዣ ውሃ መተላለፊያ ይከፈታልና ዝገት ያዘለ ውሃ ሲንጠባጠብ ቢያዩ አይገረሙ። አዲሱ ብሎን ሲገባ ግን ጥርሱ ላይ ማሸጊያ እንደሚያስፈልገው ያስታውሱ።

ቀዳዳው መሃል ላይ ከሆነ በ6.5፣ ቀጥሎም በ7.5 ሚሊሜትር ያስፉት። ባለ 3/8 ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ያለው ብሎን የሚሠራበት ቀዳዳ 5/16 ኢንች፣ ማለትም 7.9 ሚሊሜትር ነውና በ7.5 የሚቀረው ስስ የጥርስ ቅርፊት ብቻ ነው። በሾለ ብረት የመጀመሪያውን ጥርስ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲያጥፉት በፒንሳ ይያዛል፤ እንደ ጸደይ ሽቦ እየተጠቀለለ ይወጣል። የቀረውን ቅርፊት የጥርስ መቁረጫ መሣሪያ ያጸዳዋል፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ በዘይት። እሱም እንደ ማውጫው የሚሰባበር ብረት ስለሆነ አይጫኑት። የገዙት ማውጫ ቦታ ቢኖረው እዚህ፣ በ6.5 እና በ7.5 መካከል ነው፤ ዝገቱ በሙቀትና በንዝረት ከተላቀቀ በኋላ፣ በትንሽ ቁልፍ፣ በሁለት ጣት ኃይል። በዚያ ካልዞረ ይተዉት። ቀጥ ያለ ጎድጓዳ መስመር ያለው ማውጫ ቢያገኙ ግድግዳውን ስለማይገፋ ከጠመዝማዛው ይሻላል።

ቀዳዳው ከመሃል ከሳተ ወይም ጥርሱ ከተበላ ያከተመ ነገር የለም። በሽቦ የተጠቀለለ ወይም ሙሉ ግድግዳ ያለው የጥርስ መተኪያ አለ፤ ለጭስ ማኒፎልድ ሙሉ ግድግዳ ያለውን እመርጣለሁ። ከኋለኛው ጥግ ድሪል ቀጥ ብሎ የማይገባ ከሆነ ግን አጋድዬም ቢሆን ልሞክር አይበሉ፤ ቴስታታውን አውርዶ ወደ ማሽን ቤት መውሰድ አድካሚ ቢሆንም በማይመለስ መንገድ የውሃ መተላለፊያ ከመብሳት ይሻላል።

ይህን የሚያነቡ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ ያለው ከጀልባ ጀርባ የሚሰቀል ሞተር ያላቸው ሰዎች አንድ ልዩነት ይወቁ። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ እነሱ የሚያሞቁት ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ነው፤ ያውም ሳይቀላ ስለሚቀልጥ በጥንቃቄ።

መልሶ መግጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም። የማኒፎልዱን ፊት በቀጥ ያለ ማስመሪያና በክፍተት መለኪያ ቅጠል ይፈትሹት፤ ከጠመመ ይላግ። በባሕር ውሃ በቀጥታ የሚቀዘቅዝ ማኒፎልድ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ካገለገለ፣ ይህን ሁሉ ለፍተው አሮጌውን ከመመለስ መቀየሩን ያስቡበት። ከውስጥ የተበሳ ማኒፎልድ ወይም ክርን ውሃ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅምና ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ ያጣምማል። ብሎኖቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ፤ ጥርሳቸው ላይ ኒኬል ያለበት የመጣበቅ መከላከያ ቅባት በስሱ ይቀቡ። ቅባት ያለው ጥርስ በተመሳሳይ የማጥበቂያ ኃይል ይበልጥ ስለሚወጠር የሞተሩ መመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ለደረቅ ይሁን ለተቀባ ጥርስ አይተው ያጥብቁ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው የሚጠበቀው። ጨርቆቹንም ይቁጠሩ።

ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ማናፈሻውን ቢያንስ ለአራት ደቂቃ ያሠሩ። ከዚያ በጋስኬቱ መስመር ጥቁር የጭስ ምልክት ወይም የውሃ ጠብታ መኖሩን ይከታተሉ፤ ከዚህ መገጣጠሚያ የሚያመልጠው ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት የጀልባው የዚህ ጋዝ መለኪያ የሚሠራ መሆን አለበት። ሞተሩ ግሎ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና በቁልፍ ይፈትሹ። ማኒፎልዱን ካወረዱ በኋላ የጉቶውን ርዝመትና የተሰበረውን ፊት ፎቶ ቢልኩልኝ የትኛውን መንገድ ቢይዙ እንደሚሻል በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ።